ቅዳሜ ቀን የተነፋ ጥሩምባ

ጋሽ ቸኮል መካኒሳ አቦ አካባቢ ሃያ ዓመት የእድር ጥሩምባ ነፍተዋል። ሰው ሲሞት ማለዳ ወጥተው ይነፋሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ፤ የቀረ እንደሚቀጣም ማስታወስ አይረሱም። እሳቸውን ሰምቶ የተደሰተ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሄ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር። "ምነው አንድ ቀን እንኳ ጥሩምባዬን ሰምቶ እልል የሚል ቢገኝ!" ይላሉ።

የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ዕድላቸው የወጣ መሰላቸው። ሰፈሩ እንደሆነ ከጦሩ ጋር አብሮ ይዘምታል፣ አብሮ ያፈገፍጋል። ከተማ ሲያዝ የዋቅጅራ ግሮሰሪ "በለው!" ይላል። ከተማ ሲለቀቅ ያው ሰው፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ "እኔ ድሮም ብዬ ነበር፤ መነጋገር ይሻል ነበር" ይላል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወጋየሁማ የጉድ ናቸው፤ ሰኞ ጄኔራል፣ ሐሙስ ሽማግሌ! ጋሽ ቸኮልስ ከማን ያንሳሉ? የእሳቸው አቋም መጨረሻ ላይ የሰሙት ዜና ነው።

ከዚያ ሁሉ ሰው ግንባር ላይ ልጅ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ተናኘ። ልጇ ሚሳኤል ከደወለ ሁለት ወር አልፎታል። እሷ የትኛው ከተማ እንደተያዘ አትጠይቅም። ስልኳን ጉያዋ ወሽቃ ትውላለች።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሬዲዮው አንድ ከተማ መያዙን አወጀ። ጋሽ ቸኮል ቢራቸውን እንኳ አልጨረሱም። "ይሄንንማ ከሰው ሁሉ በፊት መስማት ያለባት የወታደር እናት ናት!" ብለው ጥሩምባቸውን ይዘው ሮጡ። ተናኘ በር ላይ ሲደርሱ ነፉት፤ እንደ ጉድ ነፉት። ወይ አለማስተዋል! ሃያ ዓመት ሙሉ ሞት ብቻ ሲናገር የኖረ ጥሩምባ ድል የሚባል ቋንቋ ከየት ያምጣ?

በሩጫው ላይ ንፊያው ተጨምሮ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሳል ያዛቸው። ተናኘ ብቅ ስትል የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባቸውን ይዘው፣ በሳሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ በሯ ላይ ቆመዋል።

"ልጄን! ልጄን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ማን ሊሰማ! ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። ጎረምሶቹ ድንኳን ተከሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ። እንደዚያ ቀን የተፋጠነ ለቅሶ በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም፤ ቅጣቱን ሁሉም ያውቀዋላ! ጋሽ ቸኮል መሀል ገብተው "ኧረ ድል ነው! ድል ነው!" ብለው ቢጮኹ፣ "ውይ፣ እኚህ ሰውዬ በሐዘን ሊያብዱ ነው" ተብለው ወንበርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ተሰጣቸው።

ንፍሮው መታደል ሲጀምር ነው ዋቅጅራ "ለመሆኑ መርዶውን ማን አመጣው?" ያለው። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ቸኮል ዞረ። አንገታቸውን ደፍተው የሆነውን ተናገሩ። በዕድሜያቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም።

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ። "ይባረሩ!" ተባለ። አብዝተው የጮኹት ትናንት አብዝተው ያለቀሱት ናቸው። ያኔ ተናኘ ተነሳች።

"ማንንም አታባርሩም። እስከ ትናንት ድረስ ጦርነቱ የናንተ ነበር፤ ልጁ የኔ። እናንተ 'በለው' ስትሉ እኔ ብቻዬን ነበር የማለቅሰው። ትናንት ግን ሰፈሩ ሁሉ ለሚሳኤል አለቀሰ። አቶ ወጋየሁ እንኳ ደረታቸውን ሲመቱ አይቻለሁ። ጋሽ ቸኮል ባይሳሳቱ መቼ ይሄን አይ ነበር?"

አቶ ወጋየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። ስለማባረር ያነሳም አልነበረ።

በሳምንቱ ሬዲዮው ሌላ ከተማ መያዙን አወጀ። ከፉሪ የመጣ አንድ እንግዳ ግሮሰሪው ውስጥ "በለው!" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። የተከተለው የለም።

"ምነው እናንተ ሰዎች፣ ድል አትወዱም እንዴ?" አለ ግራ ገብቶት።

ዋቅጅራ እንግዳውን ትቶ ወደ ጋሽ ቸኮል ዘወር አለና "ሚሳኤል ደወለ?" አላቸው።

"አልደወለም፤ ዛሬም ጠዋት እናቱን ጠይቄያታለሁ" አሉ ጋሽ ቸኮል።

ዋቅጅራ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን ዘጋው።