በሕግ አምላክ ብዬ ያቆምኩት ሰው

ለንስሐ አባቴ ያልተናዘዝኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጾም መሻሬን፣ ሚስቴን ማስመረሬን፣ በልጅነቴ የጎረቤት ቀፎ መዝረፌን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን አንዱን ግን ለእሳቸውም፣ ለሟች ሚስቴም፣ ለልጄም አልተነፈስኩም። እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ከእኔና ከአንድ ሟች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እናንተ የምታነቡኝ ካህናት አይደላችሁም፤ ፍቱኝ አልልም። ስሙኝ ብቻ።

እኔ ሽፍታ አዳኝ ፖሊስ ነበርኩ። ዛሬ ሮም ውስጥ፣ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር፣ ልጄ ሠናይት ሳሎኗ ላይ በምትዘረጋልኝ ታጣፊ አልጋ የምተኛ፣ የትራም በር ሳልወርድ ይዘጋብኛል ብዬ የምፈራ ሽማግሌ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግን «ሻምበል» ብለው ከወንበራቸው ይነሱልኛል። ሲነሱልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ?

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ወሎ በድርቅ ተመታ። ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር በልቶ ጨረሰ፤ ባለመሬቱ ግን ድርሻውን አልተወም። ደምሌ የሚባል ጭሰኛ ድርሻ ሊሰፍር የመጣውን የባላባት ሎሌ አቁስሎ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲያ የእህል መኪና እያስቆመ የሚበቃውን ይወስድና የቀረውን በየመንደሩ ያራግፋል። ነፍስ አላጠፋም። እኛን ግን አዋረደን። ስንወጣ ይወርዳል፣ ስንወርድ ይወጣል። ሕዝቡም እግራችንን አጥቦ፣ ያለችውን አካፍሎን፣ በማግስቱ በተሳሳተ መንገድ ይሸኘናል። ያን ጊዜ ገና ተራ ፖሊስ ነበርኩ። ቦት ጫማዬ አልቆ በበረባሶ ነበር ያሳደድኩት።

አንድ ጠዋት ጓዶቼ ውሃ ፍለጋ ሄደው እኔ ብቻዬን ስጠብቅ፣ ጠብመንጃውን በትከሻው አንግቶ ወደ ደረቁ ወንዝ ሲወርድ አየሁት። ሩቅ ነበር። ቁጥቋጦው ደግሞ እጁ ሥር። ሮጦ ቢገባ አላገኘውም። ስለዚህ ጮህኩ፤ «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ይህን ቃል የዛሬ ልጆች ለቀልድ ነው የሚያውቁት። በእኛ ጊዜ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባል ነበር። የተጠራ ሰው ይቆማል። ጠሪው የልብሱን ጫፍ ከተጠሪው ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥርና፣ ሁለቱ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። የቆመን ሰው መንካት ነውር ነው፣ ከነውርም በላይ ነው። የተጠራ ሰው ካልቆመም ስሙ ከነዘሩ ይበላሻል።

ደምሌ ቆመ። ሽፍታው፣ የመንግሥትን መኪና የሚያስቆመው ሰው፣ ለእኔ ለማይረባው ፖሊስ ቆመ! ጠብመንጃውን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ከሱ ራቀ። የጋቢውን ጫፍ ዘረጋና፣ «ቆሜያለሁ፤ ና ቋጥረኝ» አለኝ። ከዚያ እንዳልሰጋ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ጋቢውን የምይዝበት ርቀት ላይ ደርሼ ተኮስኩ።

ፈርቼ ነው ልበል? ለብዙ ዓመታት ለራሴ እንዲያ እያልኩ ተኝቻለሁ። ምን ያስፈራኛል? መሣሪያው መሬት ላይ፣ ፊቱ ወደ ማዶ! አልፈራሁም። የተማረከ ሽፍታ የዳኛው ነው፤ የሞተ ሽፍታ የገዳዩ ነው። በሕይወት ብወስደው አለቃዬ «ያዝኩት» ይላል፣ እኔም ከኋላ ጋቢ ይዤ እከተላለሁ። ይህንን አስቤ ነው የተኮስኩት። በዚያች ቅጽበት ይህ ሁሉ ይታሰባል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ይታሰባል።

ጠብመንጃውን መልሼ ትከሻው ላይ አነገትኩለት። ጓዶቼ በተኩሱ ሮጠው ሲመጡ «በሕግ አምላክ ብዬው አልቆመም፤ ሲሮጥ መታሁት» አልኩ። ጀርባው ላይ ያለው ቁስል መሰከረልኝ። በማኅበር ቤት ጠላ ተጠመቀ፣ እኔም ተነሥቼ ፎከርኩ፤ ገዳይ ነኝ አልኩ። ማዕረጌ የተጀመረው ከዚያ ነው። «ሻምበል» የሚሉኝ ሥሩ እዚያ ነው።

አሁን ስለ አስናቀች ልንገራችሁ። የሠናይት ጓደኛ ናት፤ እዚህ ሮም አንዲት ጣሊያን አሮጊት ትጠብቃለች፣ ባዳንቴ ናት። ሐሙስ ከሰዓት እረፍቷ ነው። ያንን እረፍቷን ለእኔ ነበር የምትሰጠው። ሐኪም ጋ ታስተረጉምልኛለች፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለፔርሜሶዬ ትሰለፍልኛለች፣ ጥፍሬን ሳይቀር ትቆርጥልኛለች። የወለድኳት ልጅ በሥራ ተጠምዳ ያልቻለችውን እሷ ታደርገው ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ፌርማታው ላይ ሁለት የአገራችን ጎረምሶች ተያያዙ። እኔ ሳላስበው፣ ከአፌ አምልጦኝ፣ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ቀጥ አሉ። አስናቀች ሳቀች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ሮምም ይሠራል እንዴ!» አለች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «አባቴ ግን በዚህ ቃል ተጠርቶ አልቆመም።»

አባትሽ ማነው አልኳት። ደምሌ አለችኝ። አገሩን፣ ወንዙን ነገረችኝ። ያን ጊዜ የእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። «የሕግ አምላክ ያላቆመው ሰው ልጅ» እየተባለች አደገች። ለእጮኝነት የመጡ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ተመልሰው ሄዱ። በዚያው አገሯን ጥላ ወጣች። ሽፍታ መሆኑን ሳይሆን አለመቆሙን ነው ያፈረችበት።

እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ሐሙስም መጣች፣ ጥፍሬን ቆረጠችልኝ፣ እኔም እግሬን ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ጉዴን ሆድ ይፍጀው እያልኩ ስንት ሐሙስ አሳለፍኩ! እውነቱን ከተናገርኩ ማን ሐኪም ጋ ይወስደኛል ብዬ ፈራሁ። ያን ቀን ያልነበረው ፍርሃት አሁን መጣ።

ካለፈው ሐሙስ በፊት ግን አገር ቤት ያሉት እናቷ በጠና ታመሙ። እናትየው የተናዘዙት አንድ ነገር ነው አለችኝ፤ «ከባሌ አጠገብ እንዳትቀብሩኝ። ስሜን አበላሽቶት ሄዷል» ብለው ከወንድሞቻቸው ጋር መቀበር መረጡ። ይህን ስሰማ እህል አልወርድ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ኦስቲያ ወሰደችኝ፣ የባሕር አየር ይሻልዎታል ብላ። አሸዋው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሁሉን ነገርኳት። ጠብመንጃውን፣ ጋቢውን፣ ጀርባውን፣ ጥይቱን። የማን ጥይት እንደሆነም። ፊቷን ላለማየት ባሕሩን እያየሁ ነበር። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ቆሞ ነበር?» አለች።

«ቆሞ ነበር፣ ልጄ።»

ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለቀቀችው፤ ሁሉንም ሰማሁ። «እማዬ፣ አባዬ ቆሞ ነበር! በሕግ አምላክ ሲባል ቆሞ ነበር፣ ቆሞ ሳለ ነው የገደሉት!» አለች። ወዲያ በኩል የደከመ ለቅሶ ተሰማ። አሮጊቷ «እሱ አጠገብ ቅበሩኝ» አሉ። ቀጥለውም ማን ነገረሽ ብለው ጠየቁ።

አስናቀች ዞራ አየችኝ። አስተያየቷን ልገልጸው አልችልም።

«ያየ ሰው ነው፣ እማዬ።»

«ዕድሜ ይስጠው! ያየበትን ዓይኑን አይንሳው! ልጅ ይጡረው!» እያሉ መረቁ። አሮጊቷ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው መረቁኝ።

አስናቀች ባቡሩ ላይ አሳፈረችኝ፣ መቀመጫ አስለቀቀችልኝ። «መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሠናይት ትጠብቅዎታለች፣ ሻምበል» አለች። አባባ አላለችኝም። እሷ የሚቀጥለውን ባቡር ጠበቀች።

ይቅርታ አልጠይቅም፤ ማንን ብዬ እጠይቃለሁ? ድርቅ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ፣ የዘመኑ ሥራ ነው አልልም። በዚያው ድርቅ፣ በዚያው ዘመን ደምሌ ቆሟል። ልጅቷ ስለራራችልኝ ወይም ለእናቷ ስለሳሳች እውነቱን ግማሽ አድርጋ አስተላለፈችው፤ ሌላውን ግማሽ እኔ እዚህ አስቀምጣለሁ። እማማ፣ ያ የመረቁት ሰው አላየም፤ ገደለ። ምርቃትዎን ያንሡብኝ።