የወታደሩ ካሜራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ በፋሲካ ሰሞን ነው። ለባለቤቴ እንኳን የነገርኳት በቅርቡ ነው። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ እነሆ ጻፍኩት።

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ካሌዶኒያን ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የፓስፖርት ፎቶ አነሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ሰርግ እቀርጻለሁ። መስኮቴን ለማሳመር አሮጌ ካሜራዎች እየገዛሁ እደረድራለሁ። ከነሱ አንዱን የሸጠችልኝ ስትሪትሃም የሚባል ሰፈር የምትኖር እንግሊዛዊት ናት። አባቷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበር። «የናዚ ካምፖች ነጻ ሲወጡ፣ እዚያ ያየውን ያነሳበት ነው» አለችኝ። እኔም ይህንኑ በካርድ ላይ ጽፌ ካሜራው ሥር አቆምኩት።

ካርዱን ካቆምኩ በኋላ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት መስኮቱ ፊት መቆም ጀመሩ። አይገቡም፣ አይጠይቁም። ሦስት ቀን ተከታትለው መጡ። ደንበኛ እያነሳሁ ዓይኔ ወደ እሳቸው ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ወጣሁና፣ «ብርድ ነው፣ ይግቡ» አልኳቸው።

ወንበር ሰጥቻቸው ካሜራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ካምፑ ውስጥ ከእናቴ አጠገብ ተኝቻለሁ። እሷ ከሞተች ሁለት ቀን ሆኗታል። አንድ ወታደር መጣና እኔም የሞትኩ መስሎት አንድ ላይ ፎቶ አነሳን። ካሜራው ቀጭ ሲል ዓይኔን ገለጥኩ። ጮኸ። ከዚያ አቅፎ እየሮጠ አወጣኝ።»

ያንን ፎቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጉ ኖረዋል። ያልጠየቁት ሙዚየም የለም። የእናታቸው ሌላ ፎቶ የላቸውም፤ መልኳም ጠፍቶባቸዋል።

«ስትገዛው ውስጡ ፊልም ነበረበት?» አሉኝ።

«የለም፣ ባዶ ነበር» አልኩ።

ዋሸሁ። ፊልም ነበረበት። የገዛሁት ዕለት መብራት ሥር ቆሜ ክዳኑን ከፈትኩት። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ከነካው ምስሉ እንደሚጠፋ እኔ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

አመስግነውኝ ሄዱ። እኔ ግን ሥራዬን መሥራት አቃተኝ። ሰርግ ቤት ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ካሜራዬን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆሜ ተገኘሁ። ካሜራውን ለሸጠችልኝ ሴት ደውዬ፣ «አባትሽ የገባበት ካምፕ የትኛው ነው?» ብላት፣ «አንድም ቀን አልነገረንም» አለችኝ። ያ ወታደር እሱ ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል።

በሳምንቱ አሮጊቷ በመስኮቴ ሲያልፉ አይቼ ሱቁን ክፍት ትቼ ተከተልኳቸው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረስኩባቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። «ፊልሙ ስንተኛው ፎቶ ላይ ቆሞ ነበር? እኛን ካነሳ በኋላ ሌላ አላነሳ ይሆናል» ብቻ አሉኝ።

«ቁጥሩን አላየሁም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አውቶቡሳቸው መጣ። እጄን ጨበጥ አድርገው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁን አሮጌ ካሜራ ሲመጣልኝ በጨለማ ካልሆነ አልከፍተውም። ፊልም ካለበት አጥባለሁ። እስካሁን የወጡልኝ ውሻ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ኬክ የሚቆርሱ ሰዎች ናቸው። አንዱንም አልጣልኩም። እውነቱን በመናገሬ ለራሴ ትንሽ ቀለለኝ። እሳቸው ግን ያንን እውነት ይዘው ቤታቸው ገብተው እንዴት እንዳደሩ አላውቅም።