ጆበርግ ግድግዳ ላይ የሰፈረችው ሪክቪር

ጆሃንስበርግ፣ ጆበርግ በምንላት የደቡብ አፍሪካ ከተማ፣ ጀፕ ሰፈር ውስጥ የማስታወቂያ ጽሕፈት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ደሳለኝ ብሩሽ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። «ቀለም የሚይዘው በደንብ የተፋቀ ግድግዳ ላይ ነው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ቮስሎሩስና ቶኮዛ በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ታውንሺፖች፣ ያሉ የወገኖቻችንን ስፓዛ የሚባሉ ትናንሽ ሱቆች ማስታወቂያ ስጽፍ ኖርኩ፤ ዳቦ፣ ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድ፣ ቀዝቃዛ መጠጥ።

ኮሮና ሲመጣ ሥራው ቆመ። ብዙ ቆይተው ጋሽ ደሳለኝ ደወሉልኝ። አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ምግብ ቤታቸው በር ላይ «ይዞ ለመሄድ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ፈልገዋል።

ማዳም ኮሌት ይባላሉ። እኔ ግን ከታውንሺፕ ደንበኞቻችን እንደለመድኩት «ጎጎ»፣ አያቴ፣ እላቸው ነበር። ጽሑፉን ስጨርስ የጓሮውን ባዶ ግድግዳ አሳዩኝ።

«ከተማ መሳል ትችላለህ?»

በየዓመቱ ወይን ሲለቀም ፈረንሳይ ወዳለችው ትውልድ ከተማቸው ወደ ሪክቪር ይሄዱ ነበር። አሁን በረራ የለም። እዚያ ያሉት ታላቅ እህታቸው ማዳም ኦዲል ደግሞ ሰማንያ አልፏቸዋል። ዳግም ሳንተያይ ብንቀርስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

ከፊደልና ከዳቦ በቀር ስዬ አላውቅም። ግን ሥራ ፈትቼ ነበርና «እሞክራለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳልኳቸውን ቀጥ ያሉ ቤቶች አይተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይሄማ ባንክ ነው! የእኛ ቤቶች በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ቆመው ደክሟቸዋል፤ እርስ በርስ ተደጋግፈዋል።»

ወዲያው ለእህታቸው በቪዲዮ ደወሉ። ማዳም ኦዲል ስልኩን ይዘው በድንጋይ የተነጠፈውን መንገድ ወረዱ። ቤቶቹ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ናቸው፤ የግድግዳቸው እንጨት በውጭ ይታያል፤ በየመስኮቱ አበባ አለ። ከከተማው ቅጥር ማዶ ኮረብታውን ወይን አልብሶታል። እኔን የማረከኝ ግን ከየበሩ በላይ የተንጠለጠለው የብረት ማስታወቂያ ነው። ወይን ጠማቂው በርሜል፣ ጋጋሪው ዳቦ ሰቅሏል።

«ጎጎ፣ ይሄ እኮ የኔ ሙያ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ግድግዳውን ነጭ ቀብቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ቤቶቹንም ዘመም አደረግኳቸው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ማዳም ኮሌት በስልክ ለእህታቸው አሳዩ። ማዳም ኦዲል ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው አተኮሩ። የተበላሸ ነገር ያለ መሰለኝ።

«የጋጋሪው በር አረንጓዴ እንደነበር ማን ነገረው?» አሉ። «ቡናማ ከተቀባ ስንት ዘመኑ!»

የነገሩኝ ማዳም ኮሌት ናቸው፤ በልጅነታቸው የሚያውቁት በር ነው። እህትማማቾቹ የዚያን ጋጋሪ ጉድ እያነሱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በረራ ሲከፈት ማዳም ኦዲል ራሳቸው ጆበርግ መጡ። ከእህታቸው ጋር ሥዕሉ ሥር ተቀምጠው ምሳ በሉ፤ እኔንም ጋበዙኝ።

እናንተ የማስታወቂያ ጽሕፈት ጀማሪዎች፣ ሥዕል ሲያዝዟችሁ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ያዘዛችሁን ሰው ስሙ። እኔ ከሥራው የተማርኩት ይህንን ነው።