የጉልበቴ እብጠትና የአባዬ ስልክ

በኮሰረት የሚነጠር ቅቤ በሸተተኝ ቁጥር፣ ልሞት ነው ብዬ የተዘጋጀሁበት መስከረም ይመለስብኛል።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። አስር ዓመት በሞላኝ ክረምት ከግራ ጉልበቴ በታች ሎሚ የሚያህል ጠጣር እብጠት ወጣብኝ፤ አያመኝም ነበር፣ የሰፈር ልጆች ግን «ባለ ሦስት ጉልበቷ» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ወጌሻዋ ደጋግማ ብታሸውም አልጠፋ ሲል፣ አባዬ ሆስፒታል ወስዶ ራጅ አስነሳኝና፣ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ተነጋገረ። ሲወጣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ እንጂ ምንም አልነገረኝም።

ታላቅ ወንድሜ ፍቃዱ አዲስ አበባ ይነግድ ነበር። አባዬን ሳያስፈቅድ በማግባቱ ተኳርፈው ሦስት መስቀል ቀርቷል፤ በእኛ አገር ደግሞ ለመስቀል ያልመጣ ልጅ እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አባዬ ሱቃችን ውስጥ በስልክ ሲያናግረው ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«እህትህን የአጥንት ካንሰር ነው አሏት። ዘንድሮ ካልመጣህ ሌላ መስቀል አታገኛትም።»

ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እብጠቱን በጣቴ እየለካሁ እውል ነበር፤ ለበዓል የተገዛልኝን ቀሚስም ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት።

ፍቃዱ ከነሚስቱ መጣ። አባዬ አቅፎት አለቀሰ፣ ክትፎው ቀረበ፣ እኔ ግን አልነካሁትም። በማግስቱ ፍቃዱ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያሳክመኝ ፈልጎ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። እብጠቱ ከልም አጥንት፣ ጆሮ ላይ እንዳለው ካለ ለስላሳ አጥንት፣ የተነሳ መሆኑ፣ ካንሰር አለመሆኑና ቁመቴ ማደግ ሲያቆም እሱም እንደሚያቆም ተጽፎበታል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ምንም አይደለም ነው የሚለው።»

«እውነቱን ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ፍቃዱ ሳቀ፣ ሚስቱም ሳቀች፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው። ወደ እኔ ዞሮ ያየ አልነበረም። በጋውን ሙሉ ይህንኑ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እንደ ቀልድ ያወሩት ነበር፤ አንቺስ ሰምተሽ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከዛሬ የለም።

ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ ቁመቴ ሲያቆም እብጠቱም ቆመ፣ አሁንም አለ፣ አያመኝም። ያኔ ከመጋረጃ ኋላ የሰማሁትን አንድ ቃል ሳልጠይቅ አምኜው ነበር፤ ባለፈው ክረምት ግን አባዬ ራሱ ደውሎ «ልጄ፣ አሞኛል፣ ነይ» ሲለኝ፣ ከመነሳቴ በፊት ጎረቤቱ ጋ ደውዬ አጣራሁ።

እውነቱን ነበር።