የሚያፏጨው ጎማ

ጎሚስታው ሲጋራ ለመተው ብሎ የኤሌክትሪክ ሲጋራ ገዛ፤ ዳሩ ግን የቀድሞውን ሳይተው አዲሱን ደረበበት። ሚስቱ ስትቆጣው፣ «ሁለት ባላ ትከል ተብሏል» ይላታል። ሐኪሙም ሁለቱን መደረብ ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑን፣ ሳንባውም እየተጎዳ መሆኑን ነግሮት ነበር። እሱ ግን ከገዛ ጆሮው በቀር ማንንም አያምንም፤ የጎማን ቀዳዳ የሚያገኘው በማዳመጥ ነውና።

አንድ ጠዋት አንድ ባለታክሲ ከረጅም መንገድ በፊት ሊያስፈትሽ ያመጣውን ጎማ ሲያዳምጥ ቀጭን ፉጨት ሰማ። የውኃ ገንዳው ውስጥ ነከረው፤ አረፋ የለም። አገላበጠው፤ ፉጨቱ አልቆመም።

«ይሄ ጎማህ ተንኮለኛ ነው!» አለ።

ቁርስ ያመጣችለት ሚስቱ ጠጋ ብላ አዳመጠችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ትንፋሽህን ያዝ» አለችው።

ያዘ። ፉጨቱ ጸጥ አለ። ሲተነፍስ ተመለሰ።

«የኔስ ደኅና ነው፣ ጋሼ» አለ ባለታክሲው ሳቁን እየዋጠ፣ «የሚለጠፈው የእርስዎ ነው።»

ጎሚስታው ጆሮውን ሊክድ አልቻለም። ሲጋራውንና የኤሌክትሪኩን ከኪሱ አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ደፈቃቸው። አረፋ የታየው ያን ጊዜ ነው።