ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አማቴ መለሱልኝ

ሐኪም እናንተን የጠየቀውን ሌላ ሰው ሲመልስላችሁ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዝም ብያለሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ነው፤ ዛሬም ክፍል ውስጥ የአንዱን ጥያቄ ሌላው ተማሪ ሲመልስ ያ ቀን ድቅን ይልብኛል።

ፍኖተ ሰላም ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በአምስት ዓመት ትዳራችን ልጅ ስላልመጣ፣ ትምህርት ሲዘጋ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄድኩ። ሕክምናው እንዲህ ነው፦ እንቁላል ከሴቷ ይወሰዳል፣ ከማሕፀን ውጭ ከባሏ ዘር ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያ ጽንሱ ወደ ማሕፀኗ ይመለሳል።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ባለቤቴን ሥራ ስለያዘው ከቡሬ ገጠር አማቴ ተከተሉኝ። በእኛ ዘንድ አማትን «ውጭ ይጠብቁኝ» ማለት ነውር ነው። አብረውኝ ገቡ።

ሐኪሙ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለኝ።

አማቴ ቀደሙኝ። «ኧረ በማርያም! የኔ ልጅ የምታውቀው ጭስ የምድጃ ነው!» ብለው ሳቁ። ሐኪሙም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አጨሳለሁ። በቀን ሁለት ሦስት፣ ከጓሮ ተደብቄ፣ ከዚያ ማስቲካ። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም ነበር። ሲጋራ የእንቁላልን ብዛትና ጥራት እንደሚጎዳ፣ ጽንሱ የመያዝ ዕድሉንም እንደሚያሳንስ ግን አውቃለሁ። እያወቅሁ አልተውኩም። እንዲያውም ጭንቀቱ ሲበዛ ጨመርኩ።

የተገኙት እንቁላሎች ጥቂት ነበሩ። ጽንሱም አልያዘም።

አማቴ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱ። «የማርያምን ስለት አዘግይቼ ነው» እያሉ በፍስክ ቀን ሳይቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ጀመር። ጉንጫቸው ሲገባ አላስችለኝ አለ። ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እማማ፣ በስለትዎ አይደለም። እኔ ሲጋራ አጨሳለሁ።»

ከእግራቸው ላይ አንስተውኝ፣ «ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«እንዳላሳፍርዎ ብዬ።»

«አሁን ማ አፈረ ታዲያ? ዶክተር ፊት ያን ሁሉ ስለፈልፍ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ!» ከዚያ ድምፃቸው ረገብ አለ። «ሁለተኛ ስንሄድ እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። አንቺም ተዪው።»

ለባለቤቴም ነገርኩት። ካቆምኩ ሰባት ወር ሆኖኛል። ለሐኪሙ ደውዬ ስናዘዝ፣ «በሲጋራው ብቻ ነው ማለት አልችልም። ቢያንስ ግን ቀድመን እናስቆምዎ ነበር» አለኝ። ያቺ «ቢያንስ» እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች።

እባካችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ከቤተሰብ ጋር ስትገቡ «ለአንድ አፍታ ብቻዬን ላናግርዎ» በሉና እውነቱን ተናገሩ። ያሳፍራል፤ ግን አንድ ጊዜ ሞክሩት።