ለሕያው ሰው የተቀቀለ ንፍሮ

የ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ዳባት እሄድ ነበር። የተሳፈርኩበት ካሚዮን ጨው ጭኗል፤ እኛ መንገደኞቹ ከጨው ጆንያው ላይ ነን። ጎንደር አራዳ ዳር ሾፌሩን ስንጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት በወፍራም የወታደር ካፖርት ተጀቡና መጣች። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧል፤ ቁልፉ እስከ አገጯ ተቆልፏል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

«እቴ፣ ምነው? ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምንሄደው?» አላት ከጎኔ የተቀመጠ አንድ በግ ነጋዴ።

«አዎ» አለችው። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

«ኧረ አውልቂው፤ በላብ ልትሟሚ ነው።»

«ካወለቅሁት ይነጥቁኛል።»

«ማን? እኛ?»

«እናንተ ብትሆኑማ በምን ዕድሌ!»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ዝም ሲል እኔ አያስችለኝም። ካሚዮኑ ተነሥቶ ወለቃን እስኪያልፍ ታገሥሁና «እኅቴ፣ ማን ነው የሚነጥቅሽ?» አልኳት። እሷም የሚጠይቃት ሰው ስትፈልግ የከረመች ይመስል፣ የሞተሩን ጩኸት በጩኸት እየበለጠች ታወራኝ ጀመር።

ስሟ እንኳየሁ ነው። ተወልዳ ያደገችው አራዳ ነው። ባሏ ሰጠኝ ግን የወገራ ሰው ነው፤ የአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ገበሬዎች ልጅ። ክቡር ዘበኛ ገብቶ አዲስ አበባ አብረው ይኖሩ ነበር። አምና ኮርያ ሲዘምት «ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አገርሽ ገብተሽ ጠብቂኝ። ወገራ ያለችኝ መሬት ገብስ አታሳጣሽም» ብሎ ወደ ጎንደር ላካት።

«ሸጋ ነገር ማሰቡ ነበር» አለች። «ዘመዶቹን እሱ ያውቃቸዋል፤ እኔ የት አውቄ! የኮርያን መንገድ ያውቁታል እርስዎ?»

«በባሕር ነው፤ በመርከብ።»

«እኔ የማውቀው አማቶቼ ቤት የሚወስደውን ነው። እሱ ይብሳል።»

«ደብዳቤ አይጽፍልሽም?»

«ሰጠኝ? ብዕር ከሚይዝ መድፍ ቢሸከም ይቀለዋል።»

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር መጨረሻ ነው። አስር አለቃ አለነ የሚባል የሰጠኝ ጓደኛ ቆስሎ ከኮርያ ይመለሳል። ሰጠኝ «የወገራ ውርጭ ሲመጣ ትልበሰው» ብሎ ካፖርቱን ለሚስቱ በእሱ እጅ ልኮላታል። አለነ ጎንደር ሲደርስ አጎቱ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ዘንድ አደረ። በማግሥቱ በማለዳ ወደ አገሩ ወደ እንፍራንዝ የሚሄድ ማኪና አለው፤ የእንኳየሁን ቤት ደግሞ አያውቀውም። ስለዚህ አጎቱንና የአጥቢያውን ዳኛ አስከትሎ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ካፖርቱን አጥፎ በክንዱ ይዞ መጣ።

«እንግዲህ ያስቡት» አለችኝ፤ እጅጌዋን እያራገበች። «ጎሕ ሲቀድ ካህን ጠምጥሞ፣ ዳኛ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ወታደር የወታደር ልብስ ታቅፎ፣ ተሰልፈው ወደ አንዲት የዘማች ሚስት በር ሲመጡ! መርዶ ከዚህ ሌላ ምን ይመስላል? ጎረቤቴ አስናቀች ውኃ ልትቀዳ ወጥታ አየቻቸው። እንስራዋን ጥላ ‹ወይኔ ሰጠኝ!› ብላ አቀለጠችው። እነሱ ገና ‹እንዴት አደራችሁ› አላሉም!»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ መሬቱ ከዳኝ። ስነቃ አለነ ‹ኧረ ደኅና ነው! ኧረ ደኅና ነው!› እያለ በካፖርቱ ያራግብብኛል። ማን ይስማው? ሰፈርተኛው ደረቱን እየደቃ ነው። መሪጌታ እንኳ ለምን እንደመጡ ረስተው ‹ነፍስ ይማር› አሉ።»

በግ ነጋዴው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በጋቢው አፉን ያዘ። እሷ ግን ቀጠለች። የሰፈሩን ሰው ከረፋዱ በፊት አሳምና ዝም አሰኘች። ያላሳመነችው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የባሏ ታላቅ ወንድም አለበል። ገበያ ወርዶ እዚያው ጎረቤት አድሮ ነበርና ጩኸቱን እንደሰማ አህያውን እንኳ ሳይጭን ወደ ወገራ በረረ። ሳይጠይቅ፣ ሳያጣራ። በዚያው ዕለት ማታ እናቱን አረዳ።

«ተከትዬ ሄድኩ። ካፖርቱን አሳየኋቸው፤ ‹ይኸው ራሱ የላከው፣ ሕያው ነው› አልኩ። አማቴ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ወደ ቤቱ የሚላከው የሞተ ሰው ልብስ ነው። ሕያው ሰው ካፖርቱን አውልቆ ልኮ ምን ለብሶ ሊዋጋ ነው?›»

«እውነትም...» ብሎ ጀመረ በግ ነጋዴው።

«አንተ ደግሞ እንዳትጀምር!»

ከዚያ እንፍራንዝ ወርዳ አለነን ፈልጋ አገኘችው፤ መጥቶ እንዲመሰክርላት ለመነችው። አለነ አሰበና «ስለየው ደኅና ነበር፤ ይኼን እምላለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን እግዜር ነው የሚያውቅ፤ በማላውቀው አልምልም» አላት። «ሰው በእውነተኛነቱ እንዲህ ያናድዳል?» አለች እንኳየሁ፤ የጨው ጆንያውን በቡጢ መታችው።

አሁን ደግሞ ዘመዶቹ ለቅሶውን ለዛሬ ጠርተውታል። ልከውባት «ነይ፤ ካፖርቱንም ይዘሽ ነይ» ብለዋታል። ባገሩ ወግ የሟች ልብስና ጠብመንጃ በለቅሶው መካከል ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ አልቃሿም እሱን እያየች ነው ሙሾ የምታወርደው። ሬሳው ሩቅ አገር ለቀረ ሰው ደግሞ ልብሱ ነው ሬሳው። የሰጠኝ ጠብመንጃ የመንግሥት ነው፤ ያለው ካፖርቱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ቤትሽ ቆልፈሽበት ብትቀሪስ?» አልኳት።

«ከቀረሁ የሌላ ሰው ኮት ሰቅለው ያለቅሱለታል። በቁም ባለ ሰው ላይ ደረት ሲደቃ ሟርቱ የት ይሄዳል? ጥይት ከሚዘንብበት አገር ነው ያለው እኮ! ደግሞ ተለቀሰለት ማለት ሞተ ማለት ነው። ልጅ የለን፤ አለበል በማግሥቱ መሬታችን ላይ በሬ ይጠምዳል። እኔም ፀጉሬን ተላጭቼ ‹የሟች ሚስት› ተብዬ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ለብሼው እሄዳለሁ። ከላዬ ይግፈፉኝ እንግዲህ።»

ኮሶዬ ስንደርስ ነፋሱ እንደ ምላጭ ፊታችንን ይላጨን ጀመር። በግ ነጋዴው ቀስ በቀስ ተጠግቶ የካፖርቱን ጫፍ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገ። አየችው፤ አልነጠቀችውም።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሾፌሩ ጨው አራግፎ ገብስ እስኪጭን ጊዜ ስለነበረን አብሬያት ሄድኩ። በግ ነጋዴውም ንፍሮ እንደማይጠፋ ገምቶ ተከተለን።

ለቅሶው ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው መስክ ላይ ነው። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። የንፍሮ ጋኖች ከጥግ ይጨሳሉ። አልቃሿ ጉሮሮዋን እየጠራረገች ትጠብቃለች። የሰጠኝ እናት ወይዘሮ አበቡ፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ከመካከል ቁጭ ብለዋል። እንኳየሁ በሰዉ መካከል ሰንጥቃ ስትገባ አለበል ተነሣ።

«መጣሽ? ካፖርቱን አውልቂና ለአልቃሿ ስጫት።»

«ምነው አያ አለበል፣ ብርድ ላይ?»

«በለቅሶ ይቀለዳል?»

«ለቅሶው የት አለ? እኔ የማየው ንፍሮ ነው።»

አልቃሿ ተቆጣች። «ኧረ ተስማሙ! እኔ ከሁለት ወንዝ ማዶ ነው የመጣሁ። ልብስ ሳይያዝ ምኑን አይቼ ልግጠም? የሷን ቁመት?»

አንድ ጎልማሳ ከኋላ «ሰዉ አንዴ ተሰብስቧል፤ እናልቅስ» አለ። «ባይመጣ አልቅሰንለታል፤ ቢመጣ ደስ ይለናል። ምን ይጎዳል?»

«እንግዲያው ለእርስዎም አሁኑኑ እናልቅስ» አለችው እንኳየሁ። «አንድ ቀን መሞትዎ አይቀር፤ ሰዉም ንፍሮውም አለ።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ሰውዬው አማተበ።

በዚህ ጊዜ የሰጠኝ አጎት አያ በላቸው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አለበል፣ መርዶውን ያመጣኸው አንተ ነህ። ከማን ሰማህ?»

«ከጩኸቱ።»

«የጮኸውስ ማን ነው?»

«ጎረቤቷ፣ አስናቀች።»

«እሷስ ምን ሰምታ?»

«ሰዎቹን አይታ ነዋ።»

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

አለበል መሬት መሬት አየ። «እሱን አልጠበቅሁም።»

«እንዴት አደራችሁ ሊሉ ነበር!» አለች እንኳየሁ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ አልገባኝም።

ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ ካፖርቱን፣ አንዱ መሬቱን፣ አንዱ የሚቀዘቅዘውን ንፍሮ ያነሣል። ድንገት ወይዘሮ አበቡ ከመካከል ብድግ አሉ።

«እናንተ ትሟገታላችሁ። እኔ ከኅዳር ጀምሮ እንባዬን ለዛሬ ይዤ ከርሜአለሁ። አሁን የት ላድርገው?»

መልስ አልጠበቁም። ሄደው የምራታቸውን ካፖርት በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ፊታቸውን ደረቱ ላይ ቀበሩ፤ አለቀሱ። እንኳየሁ እጇን የት እንደምታሳርፍ ጠፍቷት እንደዘረጋችው ቆመች። ከዚያ ረዥሙ እጅጌ ቀስ ብሎ በአሮጊቷ ጀርባ ላይ ወረደ።

«የልጄ ጠረን የለውም» አሉ ወይዘሮ አበቡ። «ጨው ጨው ይላል።»

«ከጨው ጋር ተጭኜ ነው የመጣሁት፣ እናቴ።»

«ይኸው ተለቀሰ!» አለ አለበል ወደ ሰዉ ዞሮ። «ልብሱ ተይዞ፣ እናት አልቅሳ! ከዚህ በላይ ምን ቀረ?»

«አርፈህ ተቀመጥ!» አሉት አያ በላቸው። «አልቃሽ ሳትገጥም፣ ደረት ሳይደቃ፣ እናት ለልጇ ያለቀሰችው ናፍቆት ይባላል እንጂ ለቅሶ አይባልም። ሰጠኝ ዘማች ነው። ዘማቾቹ ሲመለሱ መጣ ወይም አልመጣ ይታያል። እስከዚያ ማንም አያለቅስበትም፤ መሬቱም ሰጠኝ ለእኩል አራሽ እንደሰጠው ይቆያል። ንፍሮውን በተመለከተ...»

መስኩ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። በግ ነጋዴው ከሁሉ ይልቅ።

«ንፍሮው ለዘማቹ ምህላ ይሁን። ካህናቱ ይባርኩትና ብሉ።»

ተባረከ፤ ተበላ። አልቃሿም ተኮራምታ በላች፤ ያዘጋጀችው ግጥም ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደቀረ ከፊቷ ያስታውቃል። እንኳየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የካፖርቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች። «በቃ፣ ተገላገልኩ» አለችኝ። ቸኩላ ነበር። ወይዘሮ አበቡ ወደ ቤት ገብተው አንድ ጆንያ ገብስ፣ አንዲት ዶሮና የእህል መፍጫቸውን መጅ አስይዘው ብቅ አሉ።

«ሕያው ነው ካላችሁ ወሬው የሚመጣው ጎንደር ነው» አሉ። «እዚህ ቁጭ ብዬ ሌላ መርዶ አልጠብቅም። ከምራቴ ጋር ወርጄ እጠብቀዋለሁ። ሲመጣ በሩ ላይ እኔን ነው የሚያገኝ።»

«መጁን ለምን፣ እናቴ?» አለች እንኳየሁ፤ ድምፅዋ ሰልሏል። «ጎንደር ወፍጮ አለ እኮ።»

«የመኪና ዱቄት ቃር ይሆንብኛል።»

አያ በላቸው «ሸጋ ሐሳብ ነው» ብለው መረቁ። ሰዉ ሁሉ «እሰይ» አለ። እንኳየሁ ብቻ ዞራ አየችኝ፤ በዓይኗ ያለችኝን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

መንገዱ ዳር የኔ ካሚዮን ወደ ዳባት ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቷል። እነሱ ወደ ጎንደር የሚወርድ ማኪና ይጠብቃሉ። አሮጊቷ ገብሱ ላይ ተቀምጠው ዶሮዋን አቅፈዋል።

«ቤትሽ ስንት ክፍል ነው?» ሲሉ እሰማቸዋለሁ።

«አንድ።»

«አልጋስ?»

«እሱም አንድ።»

«እንግዲያስ እኔ ከግድግዳው በኩል ነኝ። ሌሊት ሌሊት ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ እንዳትነጫነጪ። መብራቱንም አታጥፊው።»

እንኳየሁ ልትሰናበተኝ ወደ ካሚዮኑ ጠጋ አለች። እጇን ጨብጬ «እግዚአብሔር ባለቤትሽን በደኅና ይመልስልሽ» አልኳት።

«አሜን» አለች። «ብቻ ‹ቶሎ› ብለው ይጨምሩበት። ለእሱስ እናቱ ይጸልያሉ፤ እኔ ይኼን የምለምንዎ ለራሴ ነው።»